የጥሩዬ አስቀያሚ ድስቶች

እትዬ ጥሩዬ ሰውን የምታውቀው በጫማው ነበር። ፊት ይደባለቅባታል፣ ጫማ ግን አይደባለቅባትም። «ያ የግራ ተረከዙ ያለቀው ሰውዬ አሞታል እንዴ፣ ሰሞኑን አላለፈም» ትለኛለች፤ የእድራችንን ጸሐፊ ጋሽ ታመነን ማለቷ ነው። ቀና ብሎ ሰው ማየት ከተወች ቆይታለች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሸክላ ሠሪ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኗ ያረፈበት ልጅ ይታመማል፣ ሲበላ ያየችው ሰው ሆዱን ይዞ ይተኛል ይላሉ። እናቶች ከሩቅ ሲያዩዋት የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ይህን የሚያደርጉት ሴቶች ቤት ሁሉ የእሷ ድስት አለ። ወጥ ሲሠሩ ቡዳነቷ ትዝ አይላቸውም፤ ትዝ የሚላቸው ለድግስ ሰው ሲጠሩ ነው።

እኔ ከእሷ ጋር መሥራት የጀመርኩት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ፈትቼ ቡራዩ ስደርስ ደክሞኝ ነበር። ቡዳ ናት ሲሉኝ ለመፍራት የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም።

ጥሩዬ የተወለደችው በሰበታ ገጠር ነው። ጭቃ ማቡካትን ከእናቷ ተማረች። አንድ ጊዜ አግብታለች፤ ባሏ ሸማኔ ነበር። ሸማኔም በዚያው ስም ስለሚታማ ጎረቤቱ «ሁለቱ አንድ ቤት ገብተው ማን ማንን ሊበላ ነው» ብሎ ሳቀ። ማንም ማንንም አልበላም። ባልየው ከአንዲት ጠላ ሻጭ ጋር ሄደ፤ ሲሄድ ደህና ደህናዎቹን ድስቶች መርጦ ወሰደ። ልጅ አልነበራቸውም።

እናቷ የሞተች ቀን የሚሸከማት ሰው ጠፋ። እድር የሌለው ሰው ሬሳ እንዲህ ነው፤ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ጥሩዬ አስፋልት ወርዳ አራት የቀን ሠራተኞች ቀጥራ መጣች። መንገድ ላይ ለአንደኛው ስልክ ተደወለለት። ቃሬዛውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው አነሣና ስለ ሲሚንቶ ማውራት ጀመረ። ሌሎቹ ሦስቱ ቆመው ጠበቁት። እናትየዋም ጠበቀች፣ ምን ታድርግ።

ጥሩዬ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቡራዩ የመጣችው። ከዚያ ወዲያ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እድር መግባት። «ስለ ሲሚንቶ እያወራ የሚሸከመኝ ሰው አልፈልግም» ትላለች። በየጊዜው ታመለክታለች፣ ጋሽ ታመነም በየጊዜው አዲስ ምክንያት ያገኛል። መጀመሪያ መዝገቡ ሞልቷል አለ። ቀጥሎ ተከራይ አንቀበልም አለ፤ እሱ ራሱ ተከራይ ነው። ያቺን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፉ አላወጣትም። ጨዋ ሰው ነው።

ታዲያ በ2008 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ የእድሩ ድስቶች ከመጋዘኑ ጠፉ። ትላልቆቹ የብረት ድስቶች፣ ለልቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራባቸው። ቁልፉ ያለው በእድሩ ዳኛ በኦቦ ዱጉማ ኪስ ስለነበር ሌባው በየት እንደገባ ማንም አልገባውም። የገባውም እንዳልገባው ሆነ። የወጥ ሠሪዎቹ አለቃ እትዬ ኡሙልኸይር ከየቤቱ ድስት መለመን ሲመራት፣ የሚቀጥለው ሟች ድስቱን ይዞ ይሙት ብላ በስብሰባ ላይ ተናገረች።

ጥሩዬ ይህን ስትሰማ እኔን ላከችኝ። ለእድሩ የሚበቃውን ድስት ሁሉ በሸክላ እሠራለሁ፣ መመዝገቢያዬ እሱ ይሁን በዪ አለችኝ። ኦቦ ዱጉማ የድስቱ ጉዳይ ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ስለነበር ወዲያው ተስማማ። ጋሽ ታመነ ምክንያት ሲፈልግ ቆይቶ፣ ድስቶቹ በወሩ ስብሰባ ዕለት ሳይሰነጠቁ ይምጡ፣ ያን ዕለት የሚቃወም አባል ከሌለ ትመዘገባለች ብሎ ጻፈ።

የምንተኩሰው በምድጃው ነው። ምድጃውን ያሠራልን አንድ ድርጅት ሲሆን ስሙን «ዘመናዊ የእንጨት እቶን» ብሎ በሰሌዳ ላይ ጽፎለታል። ሰሌዳው ከምድጃው ይበልጣል። ከሥር እንጨት የሚማገድበት አፍ አለው፣ ከላይ ጭስ ማውጫ፣ ከጎን ደግሞ ሸክላው ከገባ በኋላ በጡብና በጭቃ የሚደፈን በር። ያኔ የሸክላ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ነበርን፤ ሌሎቹ ሴቶች አበባ እርሻና ፋብሪካ ሲገቡ ሁለታችን ቀረን። ድርጅቱ የላከው ወጣት አሠልጣኝ እሳቱ ቀስ እያለ ይጨምር፣ ሲያልቅም በሩ ሳይከፈት በራሱ ይብረድ ብሎ ነበር። ጥሩዬ በሜዳ ላይ በኩበትና በቅጠል መተኮስ የለመደች ስለሆነች ልጁን ናቀችው። በመጀመሪያው ቀን እሳቱን አንድ ጊዜ ለቀቀችበትና ያለው ሸክላ ሁሉ እንደ ፈንድሻ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አደረገች፤ ልክ ነበር ብላ ግን እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አሠልጣኝም አላሸነፋትም። ሸክላ ምድጃ ሲገባ ይሰደባል። እናቷም ታደርገው ነበር። ያማረ ሸክላ ዓይን ይገባበታል፣ ዓይን የገባበት እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ስትከትቺ «አንቺ ጎባጣ፣ አንቺ አስቀያሚ፣ ማን ይገዛሽና» ማለት አለብሽ። እሳቱ ሲበረታም በማገዶው አፍ አጎንብሶ መስደብ ነው። በምድጃው ዙሪያ የማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ ጋርዳለች፣ አላፊ አግዳሚ እንዳያይ። ሰፈሩ በሙሉ ከእሷ ዓይን ይሸሻል፣ እሷ ድስቶቿን ከሰፈሩ ዓይን ትሸሽጋለች። እኔ መሐል ቆሜ እንጨት አቀብላለሁ።

ድስቶቹ ተሠርተው፣ በድንጋይ ተፍቀው፣ ደርቀው ሲያበቁ አገሩ ተነሣ። ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣ፤ አዲስ አበባ ሰፍታ ቡራዩንም ሰበታንም ሱሉልታንም ልትጠቀልል ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ ከታች የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ታክሲ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ። እንጨት በአህያ የሚያመጣልን ሰውም ቀረ። ስብሰባው ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው።

ትንሽ ቆየት እንበል አልኳት። ሰልፈኞቹ የከለከሉት ታክሲን እንጂ እሳትን አይደለም አለች። ከጎናችን ሥራ ያቆመ ሕንፃ ነበር፤ ዘበኛው ኮንክሪት የሞሉበትን አሮጌ ጣውላ በሁለት ጀበና ለወጠን። ጣውላው ኮንክሪት እንዳይዘው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሲቀባ የኖረ ነው። ይህ ምን እንደሚያመጣ እኔም አላሰብኩም፣ እሷም አላሰበችም። እንጨት እንጨት ነው ብለን ከመርነው።

ረቡዕ ማለዳ ድስቶቹን እየሰደብን ከተትን፣ በሩን ደፈንን፣ እሳቱን በጭራሮ አስጀመርን። ረፋዱ ላይ ጣውላውን ስንጨምርበት ከጭስ ማውጫው የወጣው ጭስ ጥቁር ነበር፤ ወፍራም፣ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የቆመ። ከኮረብታችን ቁልቁል አስፋልቱ ላይ የሚነደው ጎማም ያንኑ የመሰለ ጭስ ነበረው። የእኛ እንዲያውም የበለጠ ያምር ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ወጣቶቹ ናቸው። የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ እናቶቻቸውን አውቃለሁ። እዚህም መንገድ የተዘጋ መስሏቸው እየሮጡ ደረሱና ሁለት ሴቶችና አንድ ምድጃ ሲያገኙ ቆም አሉ። ፊት የነበረው «አካም ጅርቱ፣ ማዘር» ብሎ ሰላምታ ሰጠና ጎማ እያንከባለለ ወደ ጥሩዬ አቀረበ። «ይሄንንም ጨምሩበት፣ እንዳይበርድ።»

ጥሩዬ ቀና ሳትል ጎማውን አየችው፣ ከዚያ የልጁን የላስቲክ ጫማ። «ድስት ነው የምተኩሰው። ድስት በጎማ አይጣፍጥም።»

ሳቁ። ጎማውን ግን መልሶ ዳገት ቁልቁል ማንከባለል ስለሰለቻቸው እዚያው ጥለውት ሄዱ። ምድጃው አጠገብ፣ ጭሱ ሥር፣ አዲስ የመሰለ ጎማ።

ብዙ ሳይቆይ የፖሊሶቹ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁ። ጎማውን ወዴት ላድርገው፤ ቀሚሴን ዘረጋሁና ተቀመጥኩበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያየሁት እንደ ዶሮ ተቀምጬ ነው።

ጥሩዬ አልሰማችም ነበር። በማገዶው አፍ አጎንብሳ ስድቡን እያወረደች ነው። «እናንተ ሆዳሞች፣ እናንተ ጥቁሮች፣ ማን ጠራችሁ፣ ማንስ ይፈልጋችኋል» ስትል የፖሊሶቹ ጫማ ጎኗ ደረሰ። አዛዡ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ልብሱ የተተኮሰ። ለእሱ የተባለ መስሎት ፊቱ ተቀያየረ። ለድስቶቹ ነው አልኩት። ድስት የሚሰደብበትን ምክንያት ላስረዳው ጀመርኩና በራሴ ማብራሪያ አፍሬ ተውኩት።

«እማማ፣ ጎማ ነው የምታቃጥሉት?»

«ድስት ነው ልጄ።»

«ድስት ይቃጠላል እንዴ?»

«ካልተቃጠለማ ጭቃ ነው።»

አዛዡ ወደ ጭሱ አየ። ይህን የሚያክል ጭስ ለድስት አይመስልም አለ። በሩ ለምን ተደፈነ፣ ዙሪያውን ለምን በከረጢት ተሸፈነ፣ ውስጡ ምንድን ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። እውነት የሚናገር ሰው ሲጠየቅ መልሱ የሚያሳምን አይመስልም። አሁን ቢከፈት ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ሁሉም ይፈነዳል፣ ነገ ተነገ ወዲያ ኑና እዩ አልኩት። ነገ እስኪመጣ የሚጠብቅ ወንጀለኛ አላውቅም አለኝ። ከኋላው ብስኩት እያኘከ የቆመውን አንድ ወጣት ፖሊስ ጠርቶ በሩን ክፈት አለው። ልጁ የራሳችንን የእሳት መቆስቆሻ ብረት አነሣና ጡቡን ሊፈነቅል ጠጋ አለ።

በዚህ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ዱጉማ አለ፣ እትዬ ኡሙልኸይር አለች፣ ጋሽ ታመነም በአጥሩ በር ላይ ቆሟል። ድስቶቹ የእድሩ እንደሆኑ የማያውቅ የለም። አንድ ሰው «የእኛ ነው» ብሎ ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ማንም አልተናገረም። እኔም ጎማዬ ላይ ነኝ፣ ሰው ልወቅስ አልችልም።

ጥሩዬ ብረቱን አየች። ምን እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ፤ ድስቶቹ ከተሰበሩ እሑድ ባዶ እጇን ናት፣ እድሩም ቀረ፣ የሚቀብራትም ቀረ። የቀራት አንድ ነገር ነበር። እሱን ብትጠቀምበት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የካደችውን በእድሩ ሁሉ ፊት ማመኗ ነው፤ ያኔ ድስቶቹ ይተርፋሉ፣ እድሩ ያው ይቀራል።

«እነዚያን ሰዎች ጠይቃቸው» አለችው አዛዡን። «እኔ ማን እንደሆንኩ ይንገሩህ።»

አዛዡ ወደ አጥሩ ዞሮ ጋሽ ታመነን በአገጩ ጠራው። «ማን ናት?»

ጋሽ ታመነ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ሰዉ የሚለው ነገር አለ። እኔ አላልኩም።»

«ምንድን ነው የሚለው?»

ጋሽ ታመነ የጫማውን ጫፍ አየ።

«ቡዳ ነኝ» አለች ጥሩዬ። እንደማንኛውም ነገር ነው ያለችው፣ ጨው አልቋል እንደማለት። ከዚያ ቀና አለች። እኔ እንኳ ዓይኗን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ ጭስ ያቀላው፣ ትልቅ፣ ደህና ዓይን ነው። ከወጣቱ ፖሊስ ጫማ ጀምራ ወደ ላይ ወጣችና አፉ ላይ አሳረፈችው። «ክፈተው ልጄ። መጀመሪያ ግን የያዝከውን ጨርሰህ ብላ፣ እኔ እያየሁህ።»

ልጁ ማኘኩን አቆመ። አፉ ውስጥ ያለውን ብስኩት መዋጥም መትፋትም ቸገረው። ጉንጩ እንደተነፋ ወደ አዛዡ ዞረ፤ ብረቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ እንቁላል የሚያስቀምጥ ይመስል። አዛዡ ሌሎቹን አየ። ሌሎቹ ሁለት ፖሊሶች ሰማዩን ያያሉ።

«እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አለ አዛዡ። ሲናገር ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው። ጭሱን እስከ ማታ እንድናጠፋ አዘዘና መኪናው ውስጥ ገባ። ዳገቱን ሲወርዱ ልጁ በመስኮት ብስኩቱን ሲተፋ አየሁት።

አጥሩ ላይ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ወረደ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ።

ከሰዓት በኋላ እሳቱን ጨርሰን የማገዶውን አፍ ደፈንን። ጥሩዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ለምን እንዲህ አልሽ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስትክጂ ኖረሽ አልኳት።

«ይህን ሁሉ ዘመን እውነቱን ተናግሬ አንድ ድስት አላዳንኩበትም» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዲህ አንቺ ነሽ የምትቀብሪኝ፤ ወገብሽን ጠብቂው» አለችኝ።

ቅዳሜ ምድጃው በረደ። በሩን ከፍተን አንድ በአንድ አወጣናቸው፤ ቀይ፣ በጣት ሲመቱ እንደ ደወል የሚጮሁ። ከሁሉም አንዱ ብቻ ተሰንጥቋል። ጥሩዬ አገላብጣ አየችውና ይሄን አንቺ ሳትሰድቢ ነው ያስገባሽው አለችኝ። ልከራከር አልቻልኩም፤ ያን ጠዋት እኔ ስድብ አልቆብኝ ነበር። ትልቁን ድስት ቂጡ ክብ ስለሆነ ጎማው ላይ አስቀመጥነው፤ በልኩ የተሠራ ይመስል ገጠመ።

አይሆንም፣ አንሂድ፣ ሰምተውሻል ብላት አልሰማችኝም። ቃል የሰጠሁት ድስት ነው፣ ድስቱን እሰጣለሁ፣ ከዚያ ያባርሩኝ አለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድስቶቹን በጋሪ አስጭነን ከስብሰባው ደረስን። እሷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አዲስ ነገር ቢኖር ከረቡዕ ወዲህ አንገቷን መድፋት ትታ ነበር። ካመንኩ በኋላ ለምን አንገቴን ይመመኝ ነው ያለችኝ።

ጋሽ ታመነ ተነሣ። ሴትየዋ በአደባባይ የተናገረችውን ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል ብሎ ጀመረ። ጥሩዬ አየችው። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ጀመረና መሐል ላይ ሆዱን ያዝ አድርጎ፣ እኔ በግሌ ግን ተቃውሞ የለኝም ብሎ ተቀመጠ።

ኦቦ ዱጉማ «የምትቃወሙ እጅ አውጡ» አለ።

ጥሩዬ ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው፤ ቀስ ብላ፣ የምታውቀው ሰው የምትፈልግ ይመስል። በጫማ ብቻ የምታውቃቸው ሰዎች ፊታቸው ይህ ነው እንዴ ብላ የተገረመች መሰለኝ። ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። አንድ እጅ አልወጣም።

«የምትደግፉስ?»

ያም አልወጣም። እትዬ ኡሙልኸይር ብድግ አለች። «ተቃዋሚ ከሌለ አለቀ። ማን አባል ይሁን ማን አይሁን እያልን ስንፋጠጥ ድስቱ ፀሐይ ላይ ነው ያለው፣ አንሡልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ተመዘገበች። ስታመለክት የኖረችበትን ነገር በመጨረሻ ያገኘችው ሲከለክሏት በኖሩበት ምክንያት ነው። ይህን ስነግራት ምን ይደረግ፣ በበሩ ካላስገቡሽ በሽንቁሩ ነው አለች።

በዚያ ዓመት የእድሩ ድንኳን ብዙ አልታጠፈም። ከተተከለባቸው ለቅሶዎች አንዱ የዚያ ጎማ ያመጣልን ልጅ ነው። ጥሩዬ በአባልነት ድንኳን ስትገባ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ውጭ ወጡ በእሷ ድስቶች ይፈላል። እሷ ከፊት እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቁላት፣ ከሁሉ በፊት ምግብ ቀረበላት፤ ስትበላ ግን ማንም አላያትም፣ እሷም የሚበላ ሰው አላየችም። ልማድ ቶሎ አይለቅም። የልጁን የላስቲክ ጫማ ደጃፉ ላይ አይታ ኖሮ ምግቡን ብዙም አልነካችውም።

ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ቀና አለች። እናትየዋን አየች፤ ዳር ላይ የተኮለኮሉትን ወጣቶች አየች፣ ከሟቹ ጋር ያን ቀን የመጡት ናቸው፤ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተቀመጡ፣ ረጃጅሞች፣ ገና ጢማቸው ያልሞላ። ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈች ሁሉንም አየቻቸው። ከአጠገቧ የነበሩ ሴቶች ደንግጠው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

እኔ ጎኗ ስለነበርኩ የምታጉተመትመውን ሰማሁ።

«አንተ ጎባጣ» ትላለች በለሆሳስ፣ ለእያንዳንዱ። «አንተ አስቀያሚ። አንተም። አንተም አስቀያሚ።»

አንዱን እንዳትዘል ብዬ እኔም አብሬያት ቆጠርኩ።